ባለ ሁለት ካርዱ ኮምፒውተር ለምን ይወድቃል? የጥቅምትና የኅዳር 2017 የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 2፣ ቅዳሜ ማታ

ማሽኑ ይኼ ነው። ኢንቴል ኮር አይ7 8700ኬ ፕሮሰሰር፣ ዜድ370 ማዘርቦርድ፣ 32 ጊጋ ራም፣ ባለ 850 ዋት ፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን መብራት ለኮምፒውተሩ የሚቀይረው ሳጥን)፣ ዊንዶውስ 10። ግራፊክስ ካርዶቹ ሁለት ናቸው። ሁለቱም ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ፣ እያንዳንዳቸው 11 ጊጋ ሜሞሪ አላቸው። አንዱ ድሮም የነበረ ነው። ሁለተኛውን የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ይዛልኝ መጣች። ያገለገለ ነው። ቀን እኔ ብሌንደር በሚባል ፕሮግራም የሕንፃ ሥዕል ሬንደር አደርግበታለሁ፣ ማለትም ከሞዴሉ ያለቀለት ምስል አወጣበታለሁ። ማታ ታናሽ ወንድሜ ጌም ይጫወትበታል።

ችግሩ የጀመረው ሁለተኛው ካርድ ከገባ በኋላ ነው። ጌም መሃል ስክሪኑ ይጠቁራል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ይመለሳል፤ ጌሙ ግን ተዘግቷል። ፊፋ ላይ አይታይም። ጂቲኤ 5 ላይ ግን 20 ደቂቃ አይሞላም። ዛሬ ማታ ብቻ 4 ጊዜ ወደቀ። በአራተኛው ሰማያዊ ስክሪን መጣ፣ «ቪዲዮ ቲዲአር ፌይለር» የሚል።

ኢቨንት ቪወርን፣ የዊንዶውስን መዝገብ፣ ከፍቼ አየሁ። በየውድቀቱ ሰዓት 4101 የሚል ቁጥር አለ። የማሳያው ድራይቨር (ዊንዶውስንና ካርዱን የሚያግባባው ፕሮግራም) መልስ መስጠት አቁሞ ነበር፣ አሁን ተመልሷል ነው የሚለው። ከሱ በፊት 14 ቁጥር ያላቸው ብዙ መስመሮች ተደርድረዋል፤ እነሱም ከዚያው ድራይቨር ናቸው። ስለዚህ ከድራይቨሩ እጀምራለሁ። እማዬ ትኩስ እንጀራ ይዛ ገባች፣ እሱን በልተን ለዛሬ ዘጋነው።

ጥቅምት 3፣ እሑድ

ድራይቨሩን ከሥሩ ማጽዳት። ለዚህ ዲዲዩ የሚባል ማራገፊያ አለ። ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ (የግድ የሚያስፈልገው ብቻ በሚነሳበት መንገድ) አስነስቶ እሱን ማስኬድ ነው። የድሮውን ድራይቨር ከነርዝራዡ ይጠርጋል።

መጀመሪያ ስሠራው ተሳሳትኩ። የኢንተርኔት ኬብሉን ሳልነቅል አጸዳሁ። ኮምፒውተሩ እንደተነሳ ዊንዶውስ አፕዴት እኔ ሳልነግረው የራሱን ድራይቨር ጫነ። እኔ ደግሞ በላዩ ላይ ያወረድኩትን ጫንኩበት። ሁለት ድራይቨር ተደራረበ፣ ሁለተኛው ካርድ ቢጫ ምልክት ይዞ ቀረ። እንደገና ሴፍ ሞድ፣ እንደገና ዲዲዩ፣ አሁን ኬብሉ ተነቅሎ። ይኼ ሥራ ሲሠራ ቅደም ተከተሉ ይኼ ነው፦ መጀመሪያ ድራይቨሩን አውርዶ ዴስክቶፕ ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ኢንተርኔት መንቀል፣ ከዚያ ማጽዳት፣ ከዚያ መጫን። ኢንተርኔቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመለሰው።

አንዱ ድራይቨር ከ600 ሜጋ በላይ ነው። በሞባይል ፓኬጅ ነው ያወረድኩት። እስካሁን 500 ብር።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

ሦስት የተለያዩ የድራይቨር እትሞች ሞከርኩ። አዲሱን፣ የዛሬ ዓመቱን፣ ከሁለት ዓመት በፊት የወጣውን። እያንዳንዱን በንጹሕ መንገድ። ሦስቱም ወደቁ። ዛሬ ማታ እንዲያውም ባሰበት፣ 6 ጊዜ። ጥቅምት 4 እና 5 ሁለት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። በዛሬው ድራይቨር ነው የባሰው ብዬ ወደ አዲሱ መለስኩት። ራት ላይ ትኩስ እንጀራ ነበር፤ ወንድሜ ግን ከብስጭቱ የተነሳ አልበላም።

ጥቅምት 8፣ ዓርብ

የቲዲአርን አሠራር በደንብ አነበብኩ። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ካርዱን በሰዓት ይጠብቀዋል። ሥራ ይልክለታል። በ2 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካላገኘ ካርዱ ደርቋል ብሎ ይወስናል፣ ካርዱን ዳግም ያስነሳዋል። ስክሪኑ የሚጠቁረው ያኔ ነው። ዳግም ማስነሳቱ ካልሆነለት ሰማያዊ ስክሪኑ ይመጣል።

ይቺን ሰዓት ማርዘም ይቻላል። ሬጅስትሪ (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት ቦታ) ውስጥ «ግራፊክስ ድራይቨርስ» የሚለው ቦታ ገብቶ «ቲዲአር ዲሌይ» የሚል ዋጋ መጨመር ነው። 10 አደረግኩት። ውጤቱ፦ ስክሪኑ 10 ሰከንድ ሙሉ ደርቆ ይቆያል፣ ከዚያ ይወድቃል። ካርዱ ዘግይቶ ሳይሆን ጨርሶ ነው የሚጠፋው ማለት ነው። ይኼ ማስተካከያ የሚጠቅመው አንድ ሥራ በእውነት ረጅም ጊዜ ሲወስድ ነው፤ ለምሳሌ ከባድ ሬንደር ላይ። ለእኔ አልሆነም። ወደ ነበረበት መለስኩት።

ስድስት ቀን ድራይቨር ላይ አጠፋሁ። አሁን መልእክቱን የማነበው በሌላ መንገድ ነው። ድራይቨሩ ካርዱን ጠርቶ መልስ ያጣ ነው። ካርዱ ለምን ዝም እንዳለ አይናገርም፣ አያውቅምም። ስሙ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ተናጋሪው እሱ ስለሆነ ነው።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ዛሬ ሶፍትዌሩን ትቼ ካርዶቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። መጀመሪያ ይኼን ማድረግ ነበረብኝ።

የድሮውን ካርድ ብቻውን ላይኛው ስሎት (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የካርድ ማስገቢያ) ላይ፣ 2 ሰዓት ጂቲኤ 5። ሰላም። ከሜሪላንድ የመጣውን ብቻውን እዚያው ስሎት ላይ፣ 2 ሰዓት። ሰላም። ያገለገለ ስለሆነ እሱን ነበር በልቤ የጠረጠርኩት። ምንም የለበትም። ከዚያ እያንዳንዱን ብቻውን ታችኛው ስሎት ላይ። አሁንም ሰላም። ስለዚህ ስሎቶቹም ደህና ናቸው።

ቀጥሎ ኤስኤልአይ። ሁለቱ ካርዶች ፍሬም እየተፈራረቁ እንዲሥሉ የሚያገናኛቸው አሠራር ነው። የካርዶቹ ቺፕ ሠሪ ኤንቪዲያ በ2004 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ነው ያስተዋወቀው። ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ግን «አርቲኤክስ 20» ለሚባለው የካርድ ትውልድና ከዚያ በፊት ለነበሩት አዲስ የኤስኤልአይ ፕሮፋይል (ለየጌሙ የሚዘጋጅ ቅንብር) መጨመር ቆሟል። የቀረው ድሮ ለተሠሩ ጌሞች የነበረው ነው። ወንድሜ ኤስኤልአይ የሚፈልገው ለጂቲኤ 5 ነው፣ እሱ ላይ ይሠራል።

ኤስኤልአይን ዘጋሁት። ሁለቱን ካርዶች ከላይ የሚያገናኘውን ብሪጅም ነቀልኩት። ሁለቱንም ካርድ አስገብቼ ብሌንደር ላይ አንድ ከባድ ሥዕል ጫንኩ። ብሌንደር ኤስኤልአይ አይፈልግም፣ ሁለቱን ካርዶች ለየብቻ ሥራ ያካፍላቸዋል። 14ኛው ደቂቃ ላይ ወደቀ።

ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ጌሙ አይደለም። ኤስኤልአይ አይደለም። ብሪጁ አይደለም። አንዱ ካርድ ብቻውን የተበላሸ አይደለም። የሚወድቀው ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ነው። ሁለቱ የሚጋሩት ምንድን ነው? አየርና ኤሌክትሪክ።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ሙቀት ይቀድማል፣ ለመለካት ቀላል ስለሆነ። ኤንቪዲያ ኤስኤምአይ የሚባለው የትእዛዝ መሣሪያ ከድራይቨሩ ጋር አብሮ ይመጣል። በየሰከንዱ የሁለቱንም ካርድ ሙቀትና ዋት ፋይል ላይ እንዲጽፍ አደረግኩት። ከወደቀ በኋላ የፋይሉን መጨረሻ ማየት ነው።

ላይኛው ካርድ 84 ዲግሪ፣ ታችኛው 71። የዚህ ካርድ የፋብሪካ የሙቀት ገደብ 84 ነው፤ እዚያ ሲደርስ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ላይኛው ካርድ አየር የሚስበው ከታችኛው ጀርባ ላይ ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሁለት ጣት አይሆንም።

ጥቅምት 12 እስከ 16

ማሽኑ ፈርሶ ጠረጴዛ ላይ ነው። የሁለቱንም ካርድ ሂትሲንክ (ሙቀት የሚያወጣውን ብረት) አወረድኩ። የድሮው ላይ ያለው ቴርማል ፔስት (ከቺፑ ወደ ብረቱ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። በአልኮል ጠረግኩ፣ አዲስ ቀባሁ። ፔስቱና አልኮሉ 900 ብር። አቧራው ብዙ ነበር። ሰፈራችን መንገድ እየተቆፈረ ስለሆነ ቀይ አፈር ፊልተሩን ደፍኖታል። ከፊት ለፊት አንድ የኬዝ ፋን ጨመርኩ፣ እቤት የነበረ ነው።

ካርዱን የሚፈታ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። ሜሞሪ ቺፖቹ ላይ ያሉት ቴርማል ፓዶች ውፍረታቸው ይለያያል። የትኛው የት እንደነበር ፎቶ ሳይነሳ አይነሱ። እኔ አንዱን ቀደድኩት። ተተኪ ፈልጌ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ አንድ የላፕቶፕ ጠጋኝ ከተራረፈው ቆርጦ በነጻ ሰጠኝ።

ጥቅምት 17፣ እሑድ

ተገጠመ። ላይኛው አሁን 76፣ ታችኛው 66። በጣም ጥሩ ነው። ግን በ18ኛው ደቂቃ ወደቀ። ፋይሉን አየሁት። ሲወድቅ ሙቀቱ 75 ነበር። ስለዚህ ሙቀትም አይደለም። ጽዳቱ ግን አያስቆጨኝም፣ ለካርዱ ዕድሜ ይጠቅማል።

ማታ ሌላ ሙከራ። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው የካርድ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ የሁለቱንም ካርድ የኃይል ገደብ ወደ 70 በመቶ አወረድኩት። አንዱ ካርድ በሙሉ ኃይሉ 250 ዋት ነው፣ በ70 በመቶ 175 ይሆናል። ሁለቱ ድምር ከ500 ወደ 350 ወረደ ማለት ነው።

ሦስት ሰዓት ሬንደር። አልወደቀም። ወንድሜ በላዩ ላይ አንድ ሰዓት ተጫወተ። አልወደቀም። በሁለት ሳምንት ውስጥ የመጀመሪያው ንጹሕ ምሽት ነው። ወንድሜ እስከ 6 ሰዓት አልተኛም።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ኤሌክትሪክ ነው። ግን የት?

በወረቀት ላይ ይበቃል። ካርዶቹ 500፣ ፕሮሰሰሩ 95፣ የቀረው ሁሉ ተደምሮ 50 ቢሆን 650 አካባቢ ነው። ሰፕላዩ 850። ግን ካርዶች ኃይል የሚጠጡት በአማካይ አይደለም። ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ ከተጻፈላቸው በላይ ይዘላሉ። ሁለቱ እኩል ሲዘሉ ደግሞ ይደመራል።

የኬዙን የጀርባ ክዳን ከፈትኩ። ጥፋቴን እዚያ አገኘሁት።

እያንዳንዱ ካርድ ሁለት የኃይል መሰኪያ አለው፣ አንዱ ባለ 8 አንዱ ባለ 6 ፒን። እኔ ለያንዳንዱ ካርድ አንድ ኬብል ብቻ ነው የጎተትኩት። ጫፉ ላይ ሁለት ራስ ያለው ዓይነት ነው። ኬዙ በመስታወት በኩል ሲታይ እንዲያምር ብዬ ነበር። ሒሳቡ እንዲህ ነው። ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት፣ ባለ 6 ፒኑ 75 ዋት ነው የተፈቀደለት። የቀረውን 75 ካርዱ ከስሎቱ ይወስዳል። ስለዚህ በአንድ ኬብል እስከ 225 ዋት ያልፋል። በ12 ቮልት ሲካፈል 19 አምፔር ገደማ ነው። ይኼ ሁሉ በሦስት ቀጫጭን ሽቦ ነው የሚመጣው።

የታችኛው ካርድ ባለ 8 ፒን መሰኪያ ላይ ያለው ፕላስቲክ አንድ ጥግ ላይ ወደ ቡኒ ሄዷል። ሲሸተት የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ተጨማሪ ኬብል ያስፈልጋል። ሰፕላዩ ላይ አራት የካርድ ቀዳዳ አለ፣ የተጠቀምኩት ሁለቱን ነው። የቀሩትን ኬብሎች የት እንዳስቀመጥኩ ጠፋኝ። የወንድሜ ጓደኛ ከራሱ ሰፕላይ የተረፉ ሁለት ኬብሎች አመጣ። ልክ ይገባሉ፣ ጭራሽ ተመሳሳይ ናቸው።

ከመሰካቴ በፊት መርካቶ ሄጄ ዲጂታል ሜትር ገዛሁ፣ 1,800 ብር። በጣም ጥሩ አደረግኩ። የእኔን ኬብል ከጫፍ እስከ ጫፍ በቢፕ (ሽቦው ሲገናኝ ሜትሩ በሚጮኽበት) ለካሁ፣ ከዚያ የሱን። በካርዱ በኩል አንድ ናቸው። በሰፕላዩ በኩል ግን የእኔ 12 ቮልት በሚወጣበት ቀዳዳ የሱ ኬብል ግራውንድ (የመመለሻው ሽቦ) ነው። ሰክቼው ቢሆን ኖሮ ካርዱ ወይ ሰፕላዩ፣ ምናልባትም ሁለቱም ይሄዱ ነበር።

ይኼን የሚያነብ ሁሉ ልብ ይበል። በካርድ በኩል ያለው መሰኪያ ለሁሉም አንድ ነው። በሰፕላይ በኩል ያለው ግን የጋራ ሕግ የለውም። ቅርጹ ገባ ማለት ልክ ነው ማለት አይደለም። የሌላ ሰፕላይ ኬብል ሳይለካ በፍጹም አይሰካም።

ጥቅምት 21፣ ሐሙስ

የራሴ ኬብሎች ቁም ሣጥን አናት ላይ ካርቶን ውስጥ ተገኙ። አራት ኬብል፣ አራት መሰኪያ፣ አንድም የተጋራ የለም። የኃይል ገደቡን ወደ 100 መለስኩት። 4 ሰዓት ሙሉ ጭነት። ሰላም። ዓርብም ሰላም።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ከምሽቱ 12:40 ላይ ወደቀ። 1:05 ላይ ደገመ። ከዚያ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ምንም።

ወንድሜ «ጨረስነው ብለኸኝ አልነበር?» አለኝ። ብዬው ነበር።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

እሑድ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ አንድም ጊዜ አልወደቀም። ዛሬ 12:50 ላይ ወደቀ።

ማስታወሻውን ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ጥቅምት 2 ቅዳሜ፣ 4 ጊዜ። ጥቅምት 6 ረቡዕ፣ 6 ጊዜ። ጥቅምት 23 ቅዳሜ። ዛሬ ረቡዕ። ኢቨንት ቪወርን ከፍቼ ሰዓቶቹን ሁሉ ገለበጥኩ። እሱ 18:40፣ 19:05 እያለ ነው የሚጽፈው፤ በእኛ ሰዓት ቀየርኩት። ከባዶቹ ሁሉ ከምሽቱ 12:30 እስከ 2 ሰዓት መካከል ናቸው።

ረቡዕና ቅዳሜ ማታ በዚህ ቤት ምን ይሠራል? ኩሽና ሄድኩ። እማዬ ምጣዱ ላይ ናት። በሁለቱም ቀን ትኩስ እንጀራ ስለመብላታችን እኔው ራሴ ጽፌዋለሁ፣ ግን አላየሁትም።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሁሉንም ለካሁ። የግድግዳ ሶኬት ላይ ሜትሩን አስገብቼ ቴፕ አድርጌ አስቀመጥኩት። ይኼን ያልለመደ ሰው ባይሞክረው ይሻላል።

ምጣዱ ሳይበራ 217 ቮልት። እማዬን «አብሪው» አልኳት። 188። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፣ በ220 ቮልት ሲታሰብ 16 አምፔር። ግቢ ውስጥ ያለችው ተከራያችንም በዚያው ቆጣሪ ነው። እሷም ምጣዷን ስታበራ 172 ሆነ። ሁለቱም የሚጋግሩት ረቡዕና ቅዳሜ ነው።

ሰፕላዩን ከኬዙ አውጥቼ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበብኩ። «ከ200 እስከ 240 ቮልት» ይላል። ብዙ ሰፕላዮች ከ100 እስከ 240 የሚሠሩ ናቸው። ይኼኛው አይደለም። ስገዛው ዋቱን ብቻ ነው ያየሁት።

መልሼ ገጠምኩትና ከውስጥ በኩል ለካሁ። ሞሌክስ በሚባለው ትርፍ የኃይል መሰኪያ ላይ፣ በቢጫውና በጥቁሩ ሽቦ መካከል። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈት ሲሆን 12.06። ሁለቱ ካርዶች ሲጫኑ 11.71። ምጣዶቹ ሲበሩ 11.5፣ 11.4፣ 11.2፣ ስክሪኑ ጠቆረ። የተፈቀደው ዝቅተኛ 11.4 ነው።

እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ሊያልፍበት ነው። ልጋግር ወይስ ላጥፋ?» አለችኝ። ጋግሪ አልኳት። ኮምፒውተሩን አጠፋሁት።

የኬብሉ ነገር ስሕተት አልነበረም። እሱ በየ20 ደቂቃው ይጥለው የነበረውን አስተካክሏል። ይኼኛው ከሥሩ የነበረ ሁለተኛ ችግር ነው። ሁለቱ ተደራርበው ስለነበር ነው ቀኑን ያላየሁት።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ከጎረቤት ስታቢላይዘር ተውሼ ሞከርኩ። በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚቀያየር ማብሪያ) የሚሠራው፣ ጠቅ ጠቅ የሚለው ዓይነት ነው። ቮልቴጁን በእርግጥ ወደ 220 አካባቢ ይመልሰዋል። ግን ኮምፒውተሩ ባሰበት። ስታቢላይዘሩ ጠቅ ሲል ካርዶቹ ይወድቃሉ። አንዴ ማሽኑ ጨርሶ ጠፋ፣ መዝገቡ ላይ ከርነል ፓወር 41 (ማሽኑ በወጉ ሳይዘጋ ጠፋ የሚለው) ተጻፈ።

ምክንያቱ ይገባኛል። ሪሌው ሲቀያየር ለጥቂት ሚሊ ሰከንድ መብራቱ ይቋረጣል። ጤነኛ ሰፕላይ ውስጡ ባለው ካፓሲተር ያችን ክፍተት ይሻገራል፤ 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይቆያል። የእኔ አርጅቷል፣ አይሻገርም። ለፍሪጅ ይኼ ስታቢላይዘር ጥሩ ነው። ለዚህ ማሽን አይሆንም። መለስኩት።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ኤሌክትሪሽያን መጣ። በዕድሜ የገፉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ምጣዱ ሲበራ 30 ቮልት ይወርዳል» ብዬ ቁጥሩን አሳየኋቸው። መጀመሪያ የሄዱት ማከፋፈያው ሳጥን ጋ ነው። ዋናውን አጥፍተው ክዳኑን ከፈቱና ጠሩኝ። «ና እየው ልጄ፣ ይቺ ብሎን ላልታለች። ኒውትራሉ ጠቁሯል።» ኒውትራል የሚሉት የመመለሻውን ሽቦ ነው፤ እውነትም ጫፉ ላይ ከስሏል። ቆርጠው፣ አዲስ ልጠው አጠበቁት። «ቤቱን ሊያቃጥለው ነበር» አሉ። ይኼን ስሰማ ኮምፒውተሩን ረሳሁት።

ከዚያ ለምጣዱ ለብቻው መስመር ዘረጉ። 15 ሜትር ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ 25 አምፔር ብሬከር። ዕቃው 4,200፣ የእጅ 2,000 ብር። የቀድሞው መስመር ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ነበር፣ ምጣዱም ፍሪጁም የእኔ ክፍል ሶኬትም በሱ ላይ ነበሩ።

አሁን እማዬ ምጣዱን ስታበራ 206። የተከራይዋ ሲጨመር 198።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ሰፕላይ ገዛሁ። ባለ 1000 ዋት፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ አራት የካርድ ኬብል ለየብቻው። 31,000 ብር። በ2016 ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ አልቀመስ ብሏል። ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ሁለቱ ጋ ጎኑን ላንብብ ስል ካርቶኑን ለመክፈት አቅማሙ። ሦስተኛው አውጥቶ ሰጠኝ፣ ከሱ ገዛሁ።

የድሮውን ሰፕላይ ከነኬብሎቹ አንድ ላይ አሰርኩት። ከአዲሱ ጋር እንዳይደባለቁ ኬብሎቹ ላይ ቀይ ቴፕ አድርጌባቸዋለሁ።

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ስለሆነ ሰፈሩ በጭስ ተሞልቷል። ኬዙን ሳልከፍት ለነገ አሳደርኩት።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ሆን ብዬ ለዛሬ ጠበቅኩ። ምጣዶቹ ሁለቱም ያሉበት ምሽት። ኤስኤልአይ በርቷል፣ ገደቡ 100 በመቶ፣ በዕለቱ የወጣው ድራይቨር ሳይሆን ያው በጥቅምት የተውኩት።

ከ12 እስከ 3 ሰዓት። መጀመሪያ ሬንደር፣ ከዚያ ጂቲኤ 5። ሶኬቱ ላይ ዝቅተኛው 197። ሞሌክሱ ላይ ዝቅተኛው 11.93። ኢቨንት ቪወር ባዶ ነው። 4101 የለም፣ 14 የለም።

ወንድሜ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲጫወት አንዴም ወደ እኔ ዞሮ አላየም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ሁለት ሳምንት አለፈ። አራት የመጋገሪያ ምሽቶች፣ ዛሬን ጨምሮ። አንድም ውድቀት የለም። ወጪው ተደምሮ 40,400 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ለድራይቨር ያወጣሁት 500 ብቻ ነው፣ ስድስት ቀን ግን በልቶብኛል።

ካርዶቹን ትንሽ አሳረፍኳቸው። በ0.9 ቮልት 1800 ሜጋኸርትዝ ላይ ቆልፌያቸዋለሁ። ሬንደሩ የሚዘገየው በጥቂት ሰከንድ ነው፣ እያንዳንዱ ካርድ ግን ወደ 60 ዋት ቀነሰ። ክፍሉም ቀዘቀዘ። ኤስኤልአይን ከጂቲኤ 5 በስተቀር ለሁሉም ጌም ዘግቼዋለሁ። አዲሶቹ ጌሞች ሁለተኛውን ካርድ አይጠቀሙበትም፣ አንዳንዶቹ ላይ እንዲያውም ፍሬሙ ይንተባተባል። ወንድሜ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ ቁጥሩን አብረን አይተን ተስማማን። ሁለተኛው ካርድ ቀን ቀን ለእኔ ሬንደር እንጀራውን ይጋግራል፣ ለሱ ብቻም ቢሆን ይበቃኛል።

የቀረ ሥራ፦ የታችኛው ካርድ አንዱ ፋን ሲነሳ ይንቋቋል። ዘይት ጨመርኩበት፣ ለሦስት ቀን ዝም አለና ተመለሰ። ፋኑ መቀየር አለበት፤ የአክስቴ ልጅ ለገና ስትመጣ እንድታመጣልኝ የሞዴል ቁጥሩን ልኬላታለሁ። የተቃጠለው ባለ 8 ፒን መሰኪያም ካርዱ ላይ ያለው ክፍል ደህና ይመስላል፣ በየሳምንቱ በእጄ እየነካሁ ሙቀቱን አያለሁ።

አሁን ከምሽቱ 1:10 ነው። ሁለቱም ምጣድ በርቷል። ሜትሩ 199 ይላል። ወንድሜ እየተጫወተ ነው።